ጣውላው ለምን እምቢ አለ? የሞዴል መርከብ ቀፎ ስለማልበስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ወጣት እህቱ ከካናዳ የብሉኖዝን መርከብ ሞዴል ላከችለት። መጠኑ 1 ለ 64 ነው፤ ከእውነተኛዋ መርከብ 64 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። አከርካሪውን፣ ማለትም ከሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ዋና እንጨት አቆመ፣ ቅርጹን የሚሰጡትን ተሻጋሪ ጎድኖች ሰካ፣ በላያቸው ጣውላ ማልበስ ጀመረ። ጣውላዎቹ 5 ሚሊሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው። «የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ምንም ችግር ገቡ» ይላል። «ከአራተኛው ጀምሮ ግን በስተፊት በኩል የጣውላው ጠርዝ ይነሳል። ወደ ታች ስጫነው መሃሉ ይጎብጣል። በሱፐር ግሉ አስገድጄ ለጠፍኩት፤ ጠዋት ተላቆ አገኘሁት። በስተኋላ ደግሞ ክፍተት እየሰፋ ነው። ጋሼ፣ ጣውላውን ቀቅዬ ልሞክር? ወይስ እንጨቱ ራሱ መጥፎ ነው?»

ወንድሜ፣ እንጨቱ መጥፎ አይደለም። መቀቀልም ብቻውን አያድንህም። ችግሩ የታየህ አራተኛው ጣውላ ላይ ነው እንጂ፣ የተፈጠረው አንደኛውን ከመለጠፍህ በፊት ነው። ጣውላዎቹን በሙሉ ስፋታቸው፣ ከሳጥኑ እንደወጡ ለጠፍካቸው። ቀፎው፣ ማለትም የመርከቧ አካል፣ ግን ሙሉ ስፋታቸውን የሚቀበልበት ቦታ መሃሉ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር በእጅህ ሞክር። ከተረፉት ጣውላዎች አንዱን አንሳ። በጠፍጣፋው በኩል እንደ ቀስት እጠፈው። ይታጠፍልሃል። አሁን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና ከጠረጴዛው ሳይነሳ እንደ ማጭድ ለማጉበጥ ሞክር። እምቢ ይላል። ትንሽ ብትገፋው ተገልብጦ ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ጣውላ በስፋቱ አቅጣጫ ያለው ጥንካሬ በውፍረቱ አቅጣጫ ካለው እጅግ ይበልጣል። ባንተ ልክ ብናሰላው 11 እጥፍ ገደማ ይመጣል። በስተፊት ጠርዙ የተነሳብህ ለዚህ ነው። ጣውላውን ሳታውቀው ማጭድ ሁን እያልከው ነበር።

ለምን ማጭድ መሆን እንዳስፈለገው ለማየት የጎጆ ቤት ጣራን አስብ። ወራጆቹ ግድግዳው ላይ ተራርቀው ይነሳሉ። ጉልላቱ ጋ ሲደርሱ ይጨናነቃሉ። ጣራ ሠሪው ሁሉንም ወራጅ እኩል ወፍራም አድርጎ እስከ ጫፍ አያደርስም። አንዳንዱን ጫፉን ያሾለዋል፣ አንዳንዱን መንገድ ላይ ያስቆመዋል። የመርከብ ቀፎም እንዲሁ ነው። መሃሉ ላይ ሆዱ ሰፊ ነው። በስተፊት ሁሉም ጣውላ ወደ አንድ ጠባብ ቦታ ይሰበሰባል። በስተኋላ ደግሞ ከታች በኩል ይከፈታል። ስፋቱ ያልተቀየረ ጣውላ ይህንን ሊሸፍን አይችልም። ወይ ይደራረባል፣ ወይ ክፍተት ይተዋል። አንተ ጋ ሁለቱም ሆኗል።

ስለ መርከቧም ትንሽ ልበል፤ ከሥራህ ጋር ይገናኛል። እኔ የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ ብሉኖዝ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ናት ማለት ይቻላል። ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካናዳ 10 ሳንቲም ላይ ያለችው መርከብ እሷ ናት። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሉነንበርግ በምትባል የወደብ ከተማ ተሠርታ መጋቢት 1921 እ.ኤ.አ. ባሕር ገባች። ንድፉን ያወጣው ዊልያም ሩዌ ነው። ሰውየው የቤተሰቡን የለስላሳ መጠጥ ንግድ እየሠራ የመርከብ ንድፍ በራሱ የተማረ ነበር። ካፒቴኗ አንገስ ዋልተርስ ዓሣም አጠመደባት፣ በዓሣ አጥማጆች እሽቅድምድምም አሸነፈባት። በ1946 እ.ኤ.አ. ሃይቲ አካባቢ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ጠፋች። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ይህ ነው። በግንባታው ወቅት ለመርከበኞቹ መኝታ የራስ ቦታ እንዲገኝ ተብሎ የፊቷ ክፍል ከንድፉ በላይ 45 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ተደረገ። በአንተ መጠን ወደ 7 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የመርከቧ የላይ ጠርዝ በስተፊት በጣም ሽቅብ ይወጣል። ያ ሽቅብታ የብሉኖዝ መልኳ ነው። ጣውላ እንዲመችህ ብለህ ዝቅ ካደረግከው ሌላ መርከብ ሠራህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የለጠፍካቸውን አውልቅ። አውቃለሁ፣ ያማል። ግን ከአራቱ ጣውላ ውስጥ ሦስቱ ልክ ናቸው ብለህ እነሱ ላይ ብትቀጥል ስህተቱ እስከ መጨረሻው ይከተልሃል። በነጭ የእንጨት ኮላ የተለጠፈውን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በቡሩሽ አርጥበው፣ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ በቀጭን ቢላ ሥሩን እያነሳህ ሂድ። ሱፐር ግሉውን የሚያላላው አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስትገዛ አሴቶን ያለበት መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብብ። መስኮት ክፈት። ምድጃና ሲጋራ አጠገብህ አይሁን፤ ሁለቱም ፈሳሾች በቀላሉ እሳት ይይዛሉ።

ጎድኖቹ እንደገና ራቁታቸውን ሲቆሙ አከርካሪውን ከፊት ወደ ኋላ በአንድ ዓይንህ እየው። ከዚያ ቀጥ ያለ የመስኮት መስታወት ላይ አስደግፈው። የኮምፔንሳቶ አከርካሪ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ትንሽ መጣመሙ የተለመደ ነው። ያን ጥመት አሁን ካላቃናኸው በኋላ የሚያቃናው ነገር የለም፤ ጣውላው እንዳለ ይዞት ይቀራል። ሙቅ ውሃ በጨርቅ አድርገህ አርጥበውና በሁለት ቀጥ ያሉ ሞራሌዎች መሃል በሞርሳ አጥብቀህ አሳድረው። እስኪደርቅ አትፍታው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ነው። ጎድኖቹን እርስ በርስ ማስማማት እለዋለሁ። ጎድኖቹ ሲቆረጡ ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ቀፎው ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይጠባል። ስለዚህ ከመሃል ወደ ፊት ያሉት ጎድኖች የፊት ጠርዛቸው መላግ አለበት፤ ከመሃል ወደ ኋላ ያሉት ደግሞ የኋላ ጠርዛቸው። አለበለዚያ ጣውላው ጎድኑን የሚነካው በአንዲት ሹል ማዕዘን ብቻ ይሆናል። ኮላ በማዕዘን ላይ አይይዝም። የአንተ ጣውላ በሌሊት ከተላቀቀበት ምክንያት ግማሹ ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ አድርግ። የእያንዳንዱን ጎድን ጠርዝ በለስላሳ እርሳስ በደንብ አጥቁረው። ከዚያ ቀጭን፣ ትንሽ የምትለመጥ ርብራብ እንጨት ላይ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለጥፍ። ርዝመቷ ቢያንስ ሦስት ጎድን በአንዴ የምትነካ ትሁን። አጭር ከሆነች አንዱን ጎድን ብቻ ትበላለች። በሰያፍ፣ ቀፎው ላይ ጣውላ በሚተኛበት አቅጣጫ ሂድ። እርሳሱ ያልጠፋበት ቦታ ገና አልተነካም ማለት ነው። ወደ መሃሉ ባለው ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል የእርሳስ መስመር ስትቀር አቁም። እሷን ካጠፋሃት የመርከቡን ቅርጽ መብላት ጀመርክ። በየመሃሉ አንድ ሙሉ ጣውላ አምስት ጎድኖች ላይ አስተኝተህ እየው። በሁሉም ላይ ተኝቷል? ወይስ አንዱ ጎድን ጋ አየር ይገባል? ዝቅ ያለ ጎድን ካለ ሌሎቹን አትብላለት። እሱ ላይ ስስ እንጨት ጨምርና እንደገና ላገው። አንደኛውን ጎን ስትጨርስ ሌላውን ጀምር። እኔ ለዚህ ሥራ ብቻ በማታ በማታ አንድ ሳምንት ይወስድብኛል። ቸኩዬ አላውቅም ብል ግን እዋሻለሁ።

የመጀመሪያ መርከቤን ስሠራ ሁለት ቀን ብቻ ሰጠሁት። አራተኛውና አምስተኛው ጎድን መሃል ጣትህ የሚያውቀው፣ ዓይንህ ግን የማያየው ጉድጓድ ቀረ። ስቱኮ ሞልቼ፣ አለስልሼ፣ ቀለም ቀባሁት። ቀኑን ሙሉ ጥሩ ይመስል ነበር። ማታ መብራት በጎን ሲያርፍበት የቀፎው ጥላ እዚያች ቦታ ላይ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያንን መርከብ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው። ብሉኖዝ ከውሃ መስመር በላይ ጥቁር ናት። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ ምንም አይደብቅም። «ቀለም ይሸፍነዋል» የሚልህን ሰው አትስማ።

ፊት ላይ በመጀመሪያው ጎድንና በአፍንጫዋ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ በባልሳ ወይም በሌላ ለስላሳ እንጨት ሙላው። ቅርጹን አውጣለት። እዚያ ጋ ጣውላው በጣም ስለሚታጠፍ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። የኋላውንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጥያቄህ ውስጥ አላየሁም። አከርካሪው ላይ ቦይ ቆፍረሃል? ጣውላው አከርካሪው ላይ አይደረብም፤ ቦይ ውስጥ ይገባል። ከአፍንጫዋ ጀምሮ በታች በኩል እስከ ኋላ ምሰሶ ድረስ አንድ ቀጣይ ቦይ መኖር አለበት፤ ጥልቀቱ በጣውላው ውፍረት ልክ፣ ማለትም 1.5 ሚሊሜትር ያህል። ካልቆፈርክ የጣውላው ጫፍ ወፍሮ ይቀራል፣ አከርካሪውም በጣውላ ተውጦ ይጠፋል። በሹል መሮ በዝግታ አውጣው። የተረፈ ጣውላ ቁራጭ እየሰካህ ልኩን ሞክር። የጣውላው ፊት ከአከርካሪው ፊት ጋር እኩል ሲሆን ደርሰሃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን፤ ስፋቱን መከፋፈል። ከወረቀት አንድ ሴንቲሜትር የሚሰፉ ረጃጅም ቁርጥራጮች አዘጋጅ። በእያንዳንዱ ጎድን ላይ አንዱን ከላይኛው ጠርዝ ጀምረህ ጎድኑን ተከትለህ እስከ ቦዩ ድረስ ጠቅልለው። የሚያልቅበትን በእርሳስ ምልክት አድርግ። ከዚያ ዘርግተህ ለካው። መሃለኛው ጎድን ላይ 120 ሚሊሜትር መጣ እንበል። 120 ለ 5 ሲካፈል 24 ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን 24 ጣውላ ያስፈልግሃል። ይህ ቁጥር ከዚህ በኋላ አይቀየርም። የፊተኛው ጎድን ላይ 72 ቢመጣ፣ 72 ለ 24 ሲካፈል 3 ሚሊሜትር ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱ ጣውላ መሃል ላይ 5፣ እዚያ ጋ ሲደርስ 3 መሆን አለበት። አንተ ግን 5 ለ 5 አድርገህ ሄድክ። በእያንዳንዱ ጣውላ 2 ሚሊሜትር እያተረፍክ፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ 8 ሚሊሜትር ትርፍ እንጨት ፊት ላይ ተከምሯል ማለት ነው። የት ይሂድ? ተነሳብህ። እነዚህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፤ ያንተን በወረቀት ለክተህ አውጣ። የስሌቱ መንገድ ግን ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊ ቀሚስ ሲቆርጥ እንዴት እንደሚያደርግ አይተህ ይሆናል። ወገቡ ጋ የሚጠብ፣ ታች የሚሰፋ ቁራጭ እያንዳንዱን ለብቻ ይቆርጣል። ስድስቱ ሲሰፉ ነው ቀሚሱ ቅርጽ የሚይዘው። ጨርቁን አራት ማዕዘን ትቶ ወገቡ ላይ በግድ አይሰበስበውም።

24ቱን በአንዴ መከፋፈል ግን ዓይን ያደክማል። እኔ በአራት እከፍለዋለሁ። በየክፍሉ ስድስት ጣውላ ይገባል። የክፍሎቹን ድንበር በክር ወይም በቀጭን ጥቁር ፕላስተር ከፊት እስከ ኋላ እዘረጋለሁ። ከዚያ ሁለት ሜትር ርቄ አያለሁ። ከጎን፣ ከፊት፣ ከሥር። መስመሩ ሳይሰበር፣ ሳይንቀጠቀጥ መፍሰስ አለበት። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዓይንህ ካልወደደው ዓይንህን እመን። ክሩን ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንቀሳቅሰው። በዚህ ጊዜ ምንም አልለጠፍክም፤ መቀየር በነፃ ነው። ሲጥምህ ድንበሩን በየጎድኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ወደ ሌላኛው ጎን ደግሞ በዚያው ወረቀት አሻግረው።

ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ለጥፍና ወደ ታችኛው ሂድ። አከርካሪው አጠገብ የሚተኛው የመጀመሪያው የግርጌ ጣውላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጣውላው በራሱ መንገድ ሲለቀቅ ፊት ላይ አፍንጫዋን ተከትሎ ሽቅብ መውጣት ይወዳል። ከወጣ ከሱ በላይ የሚመጡትን ሁሉ ቦታ ይነሳቸዋል። የሱን ጫፍ ዝቅ አድርገህ፣ ገና አከርካሪው ወደ ላይ መታጠፍ ሲጀምር አስቁመው። እንደ ሌሎቹም አታሹለው፤ ፊት ላይ ሰፋ ብሎ ቢያልቅ ይሻላል። ይህ ጣውላ ከተስተካከለ ከሱ በላይ ያሉት ቀጥ ብለው ይተኛሉ።

ማሾሉን ጠረጴዛ ላይ ነው የምታደርገው፣ ቀፎው ላይ አይደለም። ጣውላውን በየጎድኑ ቦታ ምልክት አድርግበት። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ስፋቱን ከወረቀትህ ገልብጥ። ነጥቦቹን በእርሳስ አገናኝ። ለግራና ለቀኝ የሚሆኑትን ሁለት ጣውላዎች አንድ ላይ አድርገህ ሞርሳ ውስጥ አስገባ። መስመሩ ብቻ ብቅ ይበል። በትንሽ መላጊያ እስከ መስመሩ አውርደው። ሁለቱ መንታ ሆነው ይወጣሉ። የምትልገው ጠርዝ ገና ጣውላ ወደሚመጣበት የሚያየውን ነው። ቀድሞ ከተለጠፈው ጋር የሚገናኘውን እንዳለ ተወው፤ እሱ ንጹሕ መስመር ነው። ሆዱ ክብ በሚሆንበት አካባቢ ደግሞ ጠርዙን ከውስጥ በኩል ትንሽ ሰያፍ አድርገው። አለበለዚያ ከውጭ በኩል በሁለቱ ጣውላ መሃል እንደ ቪ ፊደል የተከፈተ ስንጥቅ ይታይሃል።

ገደብ አለው። አንድ ጣውላ ከሙሉ ስፋቱ ከግማሽ በታች መሹለል የለበትም። ያንተ ከ2.5 ሚሊሜትር መውረድ የለበትም ማለት ነው። ጫፉ ከዚያ በላይ ከቀጠነ በእውነተኛው መርከብ ሚስማር የሚይዝ ሥጋ አይኖረውም ነበር። በሞዴሉም ላይ ይሰነጠቃል። ስሌትህ ከ2.5 በታች ካመጣ ሁለቱን ጣውላ በአንድ ተካ። ልክ ጣራው ላይ መንገድ ላይ እንደሚቆመው ወራጅ። በስተኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብሉኖዝ ከፊት ይልቅ ከኋላ ጠልቃ ነው የምትሄደው። ስለዚህ እዚያ ያለው ልክ ከመሃሉ ሊበልጥ ይችላል። 132 ቢመጣ በጣውላ 5.5 ይሆናል፤ ያለህ ደግሞ 5 ነው። ክፍተቱ የመጣው ከዚህ ነው። እዚያ ጋ ጣውላዎቹን ወደ ላይ በግድ አትሳባቸው። በተፈጥሯቸው ይተኙ። የሚቀረውን ክፍተት በሹል ጫፍ በሚጀምር ተጨማሪ ጣውላ ሙላው። የመርከብ ሠሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ፤ መቀቀሉን። እንጨትን የሚያለሰልሰው ሙቀቱ ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያደርስለታል። የእንጨት ጭረቶችን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። እርጥብ ሆኖ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ ባለበት ቅርጽ ይጠነክራል። ለ1.5 ሚሊሜትር ጣውላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ሰዓታት ሙሉ አትዝፈቀው። ከዚያ ፊት ላይ የሚታጠፈውን ክፍል በሞቀ ካውያ ጫፍ ላይ እየሳብክ በዝግታ እጠፈው። ከሚያስፈልገው ትንሽ አብልጠህ እጠፍ፤ ሲለቀቅ ይመለሳልና። ቀፎው ላይ ያለ ኮላ በልብስ መቆንጠጫ አስረህ አድርቀው። ሲደርቅ አውልቀህ ለጥፈው። በርጥቡ አትለጥፍ። ርጥብ ጣውላ ያበጠ ነው፤ ሲደርቅ ጠቦ ክፍተት ይከፍትብሃል።

ካሾልከውም በኋላ በስፋቱ ትንሽ መጉበጥ የሚያስፈልገው ጣውላ ይኖራል። በተለይ ከላይ፣ ያ የፊቷ ሽቅብታ ጋ። ለሱ ዘዴ አለ። ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ አንዱን ጫፍ በሞርሳ ያዝ። ሌላውን ጫፍ ወደ ጎን ትንሽ ስበህ ያዝ። መሃሉ እንዳይነሳ ጠፍጣፋ እንጨት ጫንበት። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አሙቀው። ሲቀዘቅዝ ፍታው። ማጭድ አይሆንም፤ ግን የሚፈለገውን ጥቂት ሚሊሜትር ይሰጥሃል። አሞኒያ ውስጥ ንከረው የሚል ምክር ካጋጠመህ እለፈው። የቤት ውስጥ አሞኒያ ሽታና የደፈረሰ ቀለም እንጂ ሌላ ነገር አይጨምርልህም።

ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ይሁን። በጎድኑ ላይም፣ ከጎረቤቱ ጣውላ ጋር በሚገናኘው ጠርዝ ላይም በስሱ ቀባ። ሱፐር ግሉ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚይዝ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥህም። ደግሞም ተሰባሪ ነው። ዘወትር ወደ ላይ ለመላቀቅ የሚታገል ጣውላን ሊይዝ አይችልም። ጣውላው ደርቆና ቅርጹን ይዞ ከመጣ ግን የሚታገል ነገር የለም፤ ኮላው በእርጋታ ይይዛል። ሁልጊዜ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ እያልክ ሂድ። አንዱን ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው ልሂድ ካልክ ጣውላው አከርካሪውን ወደራሱ ይስበዋል። መስታወት ላይ ያቃናኸው ሁሉ ይበላሻል።

ስለ አዲስ አበባ አየር አንድ ማስጠንቀቂያ። እንጨት በርዝመቱ ለዓይን የሚታይ አይቀየርም፤ በስፋቱ ግን ይተነፍሳል። ከሞዴሉ ሳጥን ጋር የሚመጣው፣ ባስውድ የሚባለው ነጣ ያለ እንጨት ከሚጠቡት ነው። ውስጡ ያለው እርጥበት 4 ከመቶ ቢቀንስ 120 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጣውላ የለበሰ ጎን እስከ 1.5 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል። ያ በየመገናኛው ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል። በሐምሌ ለብሶ በጥር የሚሰነጠቅ ቀፎ የሚኖረው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ከሆንክ ጣውላዎቹን ከማሸጊያቸው አውጥተህ ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ከውጭ ግድግዳ አርቀህ፣ ሁለት ሳምንት አቆያቸው። ፀሐይ ላይ ግን አታስጣቸው።

የተሰበሩት ጣውላዎች ብዛት አሳሳቢ ከሆነ እህትህን እንደገና አታስቸግራት። መርከቧ ስለምትቀባ የእንጨቱ መልክ ችግር የለውም። ከቤት ዕቃ ሠሪ ቤት የተረፈ ደረቅ የዋንዛ ቁራጭ እንዲሰጡህ ጠይቅ። ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሌለው ይሁን። በዚያው ቤት የመጋዝ ማሽን 1.5 ሚሊሜትር አድርገው እንዲሰነጥቁልህ ጠይቃቸው፤ እንዳይበላ ትንሽ አወፍረው ቢቆርጡልህና አንተ በብርጭቆ ወረቀት ብታወርደው ይሻላል። ባሕር ዛፍን ግን አትሞክር። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል።

እንዲህ እየሄድክ ከላይ የወረደውና ከታች የወጣው ሰልፍ ይገናኛሉ። አንድ ጣውላ የሚያክል ቦታ ይቀራል። ይህቺን ክፍተት አስቀድመህ ሆዱ እምብዛም በማይታጠፍበት፣ ቀለል ባለ ቦታ ላይ እንድትወድቅ አቅድ። ለመጨረሻው ጣውላ በስሌት አትሂድ። ስስ ወረቀት ክፍተቱ ላይ አስተኛና በእርሳስ ጎን ጠርዙን እሸው። የክፍተቱ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። በሱ ቁረጥ፤ በሁለቱም በኩል በፀጉር ልክ አስፋው። ከውስጥ ጠርዙን ሰያፍ ላገው። ከፊት ጀምረህ በአውራ ጣትህ እየተጫንክ ወደ ኋላ ሂድ። ልክ ከሆነ ጫፉ ሲገባ ትንሽ «ቀጭ» ትላለች። ያኔ ኮላውን ቀባና መልሰህ አስገባው።